የዳሌው ገበር

ጥቅምት 3 ቀን

ለድንቢጤ፣

ሰላምታ በረጅሙ ልጽፍ ብል እጄ ገና ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ አንቺንም፣ ሾፌሩን ባልሽንም፣ ትንሿንም በአንድ ላይ ሰላም ብያለሁ፤ ተካፈሉት።

«ምነው እቴቴ፣ በደወልሽ ቁጥር ስለ እግሬ ብቻ የምትጠይቂው? መጥፎ ሕልም አየሽ እንዴ?» ብለሻል። ሕልም የሚያየው እንቅልፍ ያለው ሰው ነው።

በስልክ አልሆንልኝ ብሏል። የሆስፒታሉ ላውንደሪ ውስጥ የማጠቢያ ማሽኖቹ ሲጮኹ እኔም እጮኻለሁ፤ አንቺ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ትያለሽ፤ ስልኩ ይዘጋል። ወረቀት ግን ደግሜ ደጋግሜ ላየው እችላለሁ። በስልሳ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት ለጌጥ አይደለም። የካርድ ክፍሏ ልጅ በምሳ ሰዓት እኛን አጣቢዎችን ስታስተምር፣ «እማማ፣ ለማን ሊጽፉ ነው እንዲህ የሚጣደፉት?» ትለኝ ነበር። ለአንቺ ነበር። ወንድሜ፣ አባትሽ ማለት ነው፣ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ እኔ ባልዲ ይዤ እየወጣሁ ነው ያደግነው። ነፍሱን ይማረው፤ ቂሙ ግን አልወጣልኝም።

አሁን ወደ ዳሌሽ። በሃያ ሁለት ዓመትሽ የገባልሽ ሰው ሠራሽ ዳሌ ምን ምን እንዳለው ታውቂያለሽ? ከላይ አጥንትሽ ላይ የተተከለ የብረት ኩባያ አለ፤ ከታች የብረት ኳስ አለ፤ በመሃላቸው ደግሞ እንደ ኮት ገበር ያለ ፕላስቲክ አለ። ኳሱ ቀኑን ሙሉ የሚሽከረከረው ገበሩ ላይ ነው። ገበር ደግሞ ይሳሳል። ሠላሳ አራት ዓመት የሆስፒታል አንሶላና ጋውን ስጠግን ኖሬያለሁ፤ የሚሳሳ ነገር ድምፅ እንደሌለው አውቃለሁ። ይህም እንደዚያ ነው። ሳያምም ይሳሳል፤ ብናኙ አጥንቱን ያስበላዋል። ሕመሙ ሲመጣ ብዙ ነገር አልቋል።

ባለፈው ሳምንት በኮሪደሩ አንድ ሰው በአልጋ ሲገፋ አየሁ። አርባ ዓመት አይሞላውም፤ ሰማያዊ ካልሲ አድርጓል፤ የግራው ተረከዙ ላይ ቀዳዳ አለው። እንደ አንቺ ዳሌ የገባለት ነው አሉ። ራጅ ሳይነሣ ዓመታት ቆይቶ አጥንቱ ተበልቶ ነው የመጣው።

ሄደሽ ራጅ ተነሺ። ሌላ አንድም ነገር አልለምንሽም።

አክስትሽ


ጥቅምት 19 ቀን

እቴቴ ሆዴ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ፀጉር ቤት ሆኜ ነው። አንዷ ደምበኛዬ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን እንደከተተች «ከማን ነው? ውሽማ አለሽ እንዴ?» ብላ ጮኸች፤ ካስክ ውስጥ ያለ ሰው የሚጮኸው አይታወቀውም። «ከአክስቴ ነው» ስላት ሳሎኑ ሁሉ ሳቀ። ቤት ስገባ ደግሞ ትንሿ ፊደሎችሽን አየቻቸውና «እቴቴ ስንተኛ ክፍል ናት?» አለችኝ። «ከአንቺ አንድ ክፍል ትቀድማለች» አልኳት። በጣም ተናደደች።

እኔ ግን እየሳቅሁ አላነበብኩትም። አንቺ ከምታጥቢው የሚተርፈውን ጊዜ ለእኔ ብለሽ ፊደል ላይ እንዳዋልሽው አላወቅሁም ነበር።

በስልክ ለጠየቅሽኝ መልሱ፦ አዎ፣ ቀኑን ሙሉ ነው የምቆመው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሬ አጥባለሁ፣ ቢጎዲን እጠቀልላለሁ፣ እቆርጣለሁ። ወደ ቀኝ ሳዘነብል ጠቅ የምትል ነገር አለች፤ ወለሉ ይሁን እኔ ልሁን አልለየሁም። ሕመም የለኝም። ደረጃውን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ገበያዬን ይዤ እወጣለሁ።

ደግሞስ አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ ከሆስፒታል በወጣን ቀን ታክሲ ውስጥ እጄን ይዘሽ፣ «ዕድሜ ልክሽን አይነካሽም ብለዋል፤ ከእንግዲህ እንደ ሰው ትሄጃለሽ» ያልሽኝ? ያንን ቃል ይዤ ነው ያገባሁት፤ ያንን ይዤ ነው የወለድኩት። ዛሬ ተነሥተሽ «ይሳሳል» ስትዪኝ የትኛዋን እቴቴ ልመን?

ሆስፒታል መግባት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ዳሌዬ ወልቆ የተወለድኩ ልጅ ነኝ፤ ልጅነቴን ጣሪያ ሳይ ነው የጨረስኩት። በዚያ በር ከገባሁ የሚያስወጡኝ አይመስለኝም። እባክሽ አትጫኚኝ።

ስለ ሰውየው ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ። አንቺ ስትዋሺ ዝርዝር ታበዣለሽ። በአልጋ የሚገፋ ሰው ተረከዝ ላይ ያለ ቀዳዳ ማን ያያል? ምን ደብቀሽኛል?

ድንቢጥሽ


ኅዳር 6 ቀን

ልጄ፣

ሰማያዊ ካልሲ ያደረገ ሰው የለም። ፈጥሬው ነው።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ባለ ካውያዋ ጎረቤቴ፣ በስፌት ክፍሉ ከጎኔ ጋውን የምትተኩሰዋ፣ «ወረቀት ልትጨርሺ ነው፤ ጥፋቱን ተናግረሽ አርፈሽ ቁጭ በዪ» ስላለችኝ ነው አሁን የምጽፈው።

ከሆስፒታል በወጣን ቀን አንቺ ኮሪደሩ ላይ በክራንች መራመድ ትለማመጂ ነበር። ነርሷ ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጠችኝና «እናቴ፣ ማንበብ ይችላሉ? ወይስ ላንብብልዎት?» አለችኝ። ድምፅዋ መልካም ነበር፤ ጥፋት የለባትም። ከኋላዬ ግን ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ አንዷ የአለቃዬ ሚስት ናት። በዚያ ሆስፒታል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ ፊርማ በተባለበት ሁሉ ጣቴን አሞኛል፣ መነጽሬን ረስቻለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

«እችላለሁ እንጂ!» አልኳት። ወረቀቱን ገለጥኩና ዓይኔን ከላይ እስከ ታች አስኬድኩት። እንደገባኝ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ሁለተኛውንም ገጽ ገልጬ ነቀነቅሁ።

ታክሲ ውስጥ «ወረቀቱ ምን ይላል?» አልሽኝ። «ነርሷ አነበበችልኝ፤ ዕድሜ ልክሽን አይነካሽም ይላል» አልኩሽ። ማንም እንዲህ አላለኝም። ያንን ቀን በሁለት እግርሽ ቆመሽ አይቼሻለሁ፤ ደስታዬ ነው የተናገረው። «አሳዪኝ» ብትዪኝ ኖሮ እሰጥሽ ነበር። አንቺ ግን ራስሽን ትከሻዬ ላይ አድርገሽ ተኛሽ። አመንሽኝ፤ ለምን አታምኚኝ?

ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ቤቴ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ማንበብ አማረኝ፤ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሳሙና ካርቶን፣ በመጨረሻም እሱን። ሁለት እሑድ ፈጀብኝ። «መገጣጠሚያ» የምትለዋ ቃል ብቻ ግማሽ ቀን ወስዳለች። እንዲህ ይላል፦

«ታካሚዋ ወጣት በመሆኗ የተተከለው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ዕድሜ ልክ ላያገለግል ይችላል። የፕላስቲኩ መሳሳት ምንም ሕመም ሳይኖር ሊቀጥል ስለሚችል፣ ሕመም ባይሰማትም በየዓመቱ ራጅ እንድትነሣ ይሁን።»

በየዓመቱ። አሥራ አምስት ዓመት ሆነሽ።

ይህን ያነበብኩት ባለፈው ዓመት መስከረም ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሦስት ወር ሙሉ በስልክ «እግርሽ እንዴት ነው?» እያልኩ ስዞር ነበር። ያኔ ማንበብ ስለማልችል አጠፋሁ፤ በኋላ ግን ማንበብ እየቻልኩ ነው ያጠፋሁት። ሁለተኛው ይብሳል።

ልትቆጪኝ ትችያለሽ። መጀመሪያ ግን ራጁን ተነሺ።

አክስትሽ


ኅዳር 24 ቀን

ለአክስቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ራጅ ተነሥቻለሁ።

ውጤቱን ማወቅ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ። አሁን መጻፍ አልፈልግም።

ልጄ ሰላም ብላሻለች፤ ገና አንደኛ ክፍል ብትሆንም የሁለተኛ ክፍልን መጽሐፍ ማንበብ መጀመሯን፣ አሁን እኩል መሆናችሁን እንድነግርሽ አስገድዳኛለች።

ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።


ታኅሣሥ 11 ቀን

ድንቢጤ፣

ስምሽን ሳትጽፊ የላክሽውን ደብዳቤ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። አጭር ስለሆነ አልደከመኝም።

ተቆጪኝ፤ ይገባኛል። ስድብ ካለሽም ጻፊው። እኔ የተሳደብኩትን ሁሉ ሰው በአፉ መልሶልኛል፤ በጽሑፍ ግን ተሰድቤ አላውቅምና አዲስ ይሆንልኛል። ዝም አትበዪኝ ብቻ።

አንቺ ባትጽፊም እኔ ቁጭ አላልኩም። የእኛን ሆስፒታል የአጥንት ሐኪም ይዤው ነበር። ልጅ ነው፤ የጋውኑን ኪስ በየሳምንቱ ይቀድዳል፣ እኔ እሰፋለታለሁ፤ ስለዚህ ሊያመልጠኝ አይችልም። ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

«እማማ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«ከሻንጣዬ።»

«ታካሚዋ ራሷስ?»

«እሷ ተቆጥታለች። አንተ ለእኔ ንገረኝ።»

ነገረኝ። ኳሱ ፕላስቲኩን ሲፈትገው ዓይን የማያየው ብናኝ ይወጣል። ሰውነት ያንን ብናኝ ጠላት ነው ብሎ ይዘምትበታል፤ ብናኙን ሊያጠፋው አይችልም፤ በውጊያው መሃል የራሱን አጥንት ይበላል። «ታዲያ በሽማግሌ የማይብስ በወጣት ላይ ለምን ይብሳል? የወጣት አጥንት ጠንካራ አይደለም እንዴ?» አልኩት። «አጥንቱማ ጠንካራ ነው፤ ግን ወጣት ብዙ ይራመዳል፣ ብዙ ዓመትም ይኖራል» አለኝ። ይህን ሲለኝ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ፤ አዝኖልኛል መሰለኝ። የሰው ሐዘኔታ አልወድምና «ኪስህን መቅደድ ተው» አልኩት።

አንድ ደግ ነገርም አለ። ኩባያው አጥንቱን ሳይለቅ ከተደረሰበት፣ የሚቀየረው ገበሩና ኳሱ ብቻ ነው፤ ያሁኑ ዘመን ፕላስቲክም ከያኔው በብዙ ይሻላል። ኩባያው ከለቀቀ ግን ሁሉም ነገር ወጥቶ፣ አጥንት ከሌላ ቦታ መጥቶ፣ እንደ አዲስ ይሠራል። ያ ከባድ ነው። ያኔ ድሮ የነበረሽን እግር ላታገኚው ትችያለሽ።

ስለዚህ የራጁን ውጤት ለእኔ አትንገሪኝ፤ ጥፋተኛ ነኝ። ለባልሽ ግን ንገሪው። ሐኪሙ የሚነግርሽንም ስሚ።

ለትንሿ ንገሪልኝ፤ እኔ ደግሞ ከእሷ በፊት ሦስተኛ ክፍል እገባለሁ።

አክስትሽ


ጥር 4 ቀን

እቴቴ፣

ዝም ያልኩበትን እንድትሰሚ እፈልጋለሁ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ትንሿን ሰባት ወር እርጉዝ ሳለሁ የምትከታተለኝ ሐኪም ጠባሳዬን አይታ፣ «ይህ ዳሌ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው የታየው? እንደወለድሽ ሳትዘገዪ ራጅ ተነሺ፤ እነዚህ ዕቃዎች ዕድሜ ልክ አይቆዩም» ብላኝ ነበር። እሺ አልኳት። ከወለድኩ በኋላ ረሳሁት ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። አልረሳሁትም። እያስታወስኩ ነው ያልሄድኩት። አንቺ «ዕድሜ ልክ» ያልሽኝን ማመን ይጣፍጠኝ ነበር፤ ሴትዮዋን ማመን ግን ያስፈራኝ ነበር።

እና የአንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ጥፋቱን ሁሉ የምጥልበት ሰው አገኘሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንቺ ላይ ጥዬው ቀለለኝ። ባሌ ነው ያሳፈረኝ። መሪውን ይዞ ዞር ሳይል፣ «ያቺ ሴትዮ ያኔ ማንበብ አትችልም ነበር፤ አንቺ ግን ጆሮ ነበረሽ» አለኝ። 

ውጤቱ ይኸው። ኳሱ መሃል ላይ መሆን ሲገባው ወደ ላይ ሸሽቷል፤ በዚያ በኩል ገበሩ በጣም ሳስቷል። ከኩባያው ጀርባ አጥንቴ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ አለች። ኩባያው ግን እስካሁን አልተነቃነቀም። ሐኪሙ መጋቢት ላይ ቀን ይዞልኛል። «አሁን ከሆነ ገበሩንና ኳሱን እቀይራለሁ፣ ጉድጓዷን በአጥንት እሞላለሁ። ዓመት ሁለት ዓመት ብትቆዪ ግን ይህንን ቃል አልሰጥሽም» ብሎኛል።

እሺ አላልኩትም።

ሞት አይደለም የሚያስፈራኝ። የሰፈር ልጆች «ድንቢጥ» ያሉኝ በአንድ እግሬ ስለማነጥር ነበር፤ አንቺ ስድቡን ከአፋቸው ነጥቀሽ መቆላመጫ አደረግሽልኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ ግን አነጥር እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም። ትንሿ እናቷ ስታነክስ አይታ አታውቅም። ክራንች ይዤ በር ከፍቼላት ስትገባ ፊቷን ማየት አልችልም።

ምን ላድርግ?

ድንቢጥሽ


ጥር 17 ቀን

አንቺ ጉደኛ፣

ስድስት ሳምንት! በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? የዚያን ኪሰ ቀዳጅ ሐኪም ጋውን የእጅጌውን ጫፍ ሰፍቼ ዘጋሁት። እጁን ሰድዶ መውጫ ሲያጣ በበሽተኞች ፊት እንደ ጆንያ ውስጥ ድመት ሲታገል ነበር። ባለ ካውያዋ እስካሁን እሱን ስታይ ሳቋን አፍና ወደ መታጠቢያ ክፍል ትሮጣለች። ይህ ሁሉ አንቺ ጥፋትሽን እኔ ላይ ስለጣልሽ ነው!

ባልሽን ግን ወደድኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ሾፌር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እፎይ አላልኩም፤ ውሸት ምን ያደርግልኛል። አንቺ በማጥፋትሽ የእኔ ጥፋት አያንስም። ግን ሁለት ጥፋተኞች ስንሆን ቢያንስ እንነጋገራለን። አንድ ጥፋተኛና አንድ ዝም ያለ ሰው ግን የትም አይደርሱም።

ወደ ጥያቄሽ። ትንሿ ስታነክሺ ታያለች፤ አዎ። ሦስት ወር። አሁን እምቢ ካልሽ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ታያለች። ሒሳብ ገና ሁለተኛ ክፍል ብሆንም ይህችን አውቃታለሁ።

ደግሞ ልጅ አንቺ እንደምታስቢው አይደለም። አንቺ የአምስት ዓመት ልጅ ሆነሽ ወደ ቤቴ ስትመጪ እኔ በማጠቢያው ፍል ውኃ የተጠበሰ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የተቀበልኩሽ። ፈራሁ፤ ትጸየፈኛለች ብዬ። አንቺ ጨርቁን ገልጠሽ አየሽና «ያማል?» አልሽኝ። በቃ። ልጅሽም እንደዚያ ነው የምትጠይቅሽ። አንቺም «አዎ፣ ግን ይድናል» ትያታለሽ። እኔ ያልኩሽን «ዕድሜ ልክ» የሚለውን አትንገሪያት፤ እውነቱን ንገሪያት።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አለቃው «በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ፈቃድ ጠይቀው አያውቁም» አለኝ። «ስለዚህ ተጠራቅሞልኛል» አልኩት። የካቲት መጨረሻ ላይ እመጣለሁ። ከመግባትሽ በፊት የሚያስፈርሙሽን ወረቀት ሁለታችን እናነበዋለን፤ እኔ ቀስ ብዬ፣ አንቺ ታግሰሽ። ያልገባንን ሐኪሙን እንጠይቀዋለን፤ ሁለት ጊዜም ቢሆን፣ ሰልፉ ከኋላችን እስከ በር ቢደርስም።

ዛሬውኑ ሐኪሙ ዘንድ ሄደሽ እሺ በዪው። ለእኔ ብለሽ አይደለም። ገበያሽን ይዘሽ ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት ብለሽ።

አክስትሽ


ሰኔ 2 ቀን

እቴቴ ሆዴ፣

ከሄድሽ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ቤቱ ግን አሁንም አንቺን ይሸታል፤ ማለቴ ሳሙና ይሸታል። በስልክ ለጠየቅሽኝ፦ አይ፣ ድስቶቹን ወደ ድሮ ቦታቸው አልመለስናቸውም። ባሌ በየቀኑ የተሳሳተውን ቁም ሣጥን ከፍቶ ባዶውን ያየዋል፣ «እቴቴ» ይልና ይዘጋዋል። ትንሿ ደግሞ ማታ ላነብላት ስል «አንቺ ትፈጥኛለሽ፤ እቴቴ ቃሉን ቆም ብላ ነው የምታየው» ትለኛለች። አስለምደሽብኛል።

ትናንት ክትትል ነበረኝ። ጉድጓዷ መሙላት ጀምራለች። ኩባያው ባለበት ጸንቷል። መመርኮዣ በትሩን ጥያለሁ። ሐኪሙ ኮሪደሩን እስከ ጫፍ አስኬደኝና «አሁን ዞረሽ ነይ» አለኝ፤ ስመጣ ትንሿ ከአባቷ ጎን ቆማ ታየኝ ነበር። ክራንቹን የያዝኩ ቀን ምን እንዳለችኝ ረስተሽ እንደሆነ ላስታውስሽ፦ «ያማል?» አላለችኝም። «ለእኔም ይሠሩልኛል?» ነው ያለችኝ። ለሳምንት የእኛን መጥረጊያዎች ሁሉ ብብቷ ሥር አድርጋ ስትንፏቀቅ አይተሻታል። እኔ ስለእሷ የፈራሁትን ሁሉ ሳስብ አፍራለሁ።

ፀጉር ቤት በግማሽ ቀን ተመልሻለሁ። የሳሎኑ ባለቤት ከፍ ያለ በርጩማ አሠርታልኛለች።

አንድ የደበቅሁሽ ነገር አለ፤ የመጨረሻው ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ ያወጣውን ገበር አጽድቶ በትንሽ ሣጥን አድርጎ «ትፈልጊዋለሽ?» አለኝ። አንቺ ሾርባ ልታመጪልኝ ወጥተሽ ነበር። ተቀበልኩት። ላሳይሽ አልኩና ፈራሁ፤ ስታለቅሺ ማየት አልለመድኩም። እኔ ብዙ ጊዜ ገልብጬ አይቼዋለሁ፣ ምንም አልገባኝም፤ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። አንቺ ግን የሳሳ ነገር ስታገላብጪ የኖርሽ ሴት ነሽ። ስለዚህ ልኬልሻለሁ። ማየት ካልፈለግሽ ሣጥኑን አትክፈቺው፤ አልቀየምሽም።

ድንቢጥሽ


ሰኔ 20 ቀን

ድንቢጤ፣

ሣጥኑን ስፌት ክፍል ውስጥ ከፈትኩት። ቤት ብከፍተው ብቻዬን እሆን ነበር። ባለ ካውያዋ ካውያዋን አስቀምጣ መጣችና «ምንድን ነው? የሻይ ማጥለያ ነው?» አለች። «የልጄ ዳሌ ነው» ስላት እጇን ከአፏ ላይ ሳታነሣ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ጋውን አቃጠለች። እኔ ነኝ የምጠግነው።

ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት። እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላወቅሁም ነበር። በታችኛው በኩል ወፍራም ነው፤ እንደገባ ነው ያለው። ወደ ላይ ስትሄጂ ግን እየሳሳ ይሄድና አንዱ ጠርዝ ላይ እንደ ጥፍር ይሆናል፤ ጣቴን ከኋላው ሳደርግ ጥላው ይታየኛል። ውስጡን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። እንደ መስተዋት ለስልሷል፤ አንድም ሻካራ ቦታ የለውም።

መጀመሪያ ጥፋቴን በመዳፌ የያዝኩ መስሎኝ ነበር፤ አሥራ አምስቱንም ዓመት። ልከተው ሣጥኑን አነሣሁ። ከዚያ ግን ሥራዬ ነውና እንደ ሥራዬ አየሁት። አንድ ጨርቅ የት ጋ እንደሳሳ ሳይ የለበሰው ሰው ምን ሲያደርግ እንደኖረ አውቃለሁ። ይህ ተቀምጣ የኖረች ሴት ዕቃ አይደለም። በሠርግሽ ቀን «ቁጭ በዪ፣ ይወልቅብሻል» እያልኩሽ ስትጨፍሪ የዋልሽው እዚህ ላይ አለ። ትንሿን አቅፈሽ ሦስተኛ ፎቅ የወጣሽው አለ። አውቶቡስ ሊያመልጥሽ ሲል የሮጥሽው፣ ስልኩን ሳትዘጊ ስታለከልኪ የሰማሁሽ፣ እሱም አለ። የምታጥቢያቸው ሴቶች ጭንቅላት ሁሉ አለ። ይህ ሳይገባልሽ በፊት ስንት እርምጃ ነበረሽ? ከአልጋ እስከ መስኮት። እኔው ነበርኩ የምቆጥርልሽ፣ አሥራ አንድ ነበር።

ስለዚህ አላለቀስኩም፤ እንዳትሳቀቂ። ትንሽ አለቀስኩ።

ጥፋቴ ጥፋት ነው፤ ይህ አያጥበውም። በየዓመቱ ራጅ ብትነሺ ኖሮ ያቺ ጉድጓድ ባቄላ ሳታህል ይደረስባት ነበር። ይህን ሳስብ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ወንድሜን እረግማለሁ፣ ደብተሩን እረግማለሁ፣ ከኋላዬ የቆመችውን የአለቃዬን ሚስት እረግማለሁ። ከእንግዲህ ደግ ሴት የምሆን አይመስለኝም። ግን አንቺን ቆማ የምትሄድ ሴት አድርጌ ወደ ዓለም መልሼሻለሁ፤ ይህንንም ማንም አይወስድብኝም።

የአዲሱን ዕድሜ ሐኪሙን ሁለታችን ስንጠይቀው ያለንን ታስታውሻለሽ፤ ሃያ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ማረጋገጫ የለም። ሃያ ዓመት ሲሞላው አንቺ ወደ እኔ ዕድሜ ልትጠጊ ነው። እኔ የለሁም። «ሄደሽ ተነሺ» ብሎ የሚጨቀጭቅሽ ይጠፋል ብለሽ ደስ እንዳይልሽ፤ ለትንሿ ዛሬ ለብቻዋ ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። መጋቢት በመጣ ቁጥር እጅሽን ይዛ ራጅ ክፍል እንድታደርስሽ፣ እምቢ ካልሽም እንድትጮኽብሽ ሥልጣን ሰጥቻታለሁ።

ራጁን አትርሺ። ከዚያ በተረፈ ግን አዲሱን እንደ እንቁላል ልጠንቀቅለት ብለሽ በርጩማ ላይ እንዳትኖሪ። ተነሺ፣ ውጪ፣ ውረጂ፤ ልጅሽ የምትሄድበት ሂጂ።

ይሄኛውንም ጨርሺው።

አክስትሽ